በሶብላ በሶብላ የምትሸት መኪና

«አልከፈትኩትም አልኩህ!»

«ታዲያ ማን ከፈተው? ነፋሱ?»

ራንጌል ከዚያ ንግግር የሚያስታውሰው ይህንኑ ብቻ ነው። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ልጁ ተኝቷል ብለው ሲነጋገሩ፣ እሱ በአባቱ አሮጌ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር። አባቱ መሪውን እንደያዘ ነው። አጎቱ ቩልኮ ውጭ ቆሞ በመስኮቱ ጎንበስ ብሏል። የምን በር እንደሆነ ልጁ አልገባውም። ቩልኮ ቀጥሎ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ አባቱ የመስኮቱን እጀታ ይዞ ያዞር ጀመር። ጪር፣ ጪር፣ ጪር። መስታወቱ ቀስ እያለ ወጣ። ልጁ በሽፋሽፍቱ መሃል አጮልቆ ሲያይ የአጎቱ ከንፈር ከመስታወቱ ወዲያ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ግን አይሰማም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወንድማማቾቹ አንድ ማዕድ አልቀረቡም። ቩልኮ ሲሞት አባቱ ከለቀስተኛው ኋላ ኋላ ሄዶ፣ አንዲት እፍኝ አፈር እንኳ ሳይጥል ተመለሰ።

ራንጌል አሁን ከሃምሳ አልፏል። በስቪሽቶቭ ከተማ፣ ዳኑብ ዳር ባለው የእህል ወደብ፣ የጭነት መኪና በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ይሠራል። ሥራው ራሱ መጠርጠር ነው። ከስንዴው ሥር አሸዋ አለ ወይ? ሾፌሩ ከጋቢናው ወርዷል ወይ? የኋላው ጎማ በትክክል ሚዛኑ ላይ ወጥቷል ወይ? ሚስቱ ዝላትካ፣ «ሌላው ሰው ሥራውን ወደቡ በር ላይ ጥሎ ይመጣል፣ የኔው ጉድ ግን ይዞት ይገባል» ትላለች።

በዚያ ዓመት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ መኪና ገዛ። ከጀርመን የመጣች፣ ያገለገለች ግን ገና ያልደከመች፣ ቁልፍ የማይሰኩባት መኪና ናት። ቁልፉ ኪስ ውስጥ ካለ እጀታዋን መንካት ብቻ ነው፤ ቀጭ ትልና ትከፈታለች። መስታወቶቿም በጣት ሲጫኑ የሚወርዱና የሚወጡ ናቸው። ግቢ የገባች ዕለት እናቱ ወይዘሮ ጌንካ እንደ አገሩ ወግ የመዳብ እንስራቸውን ውሃ ሞልተው፣ አበባ ጣል አድርገውበት ወጡና፣ «መንገድህ እንደ ውሃ ይፍሰስልህ» ብለው ከጎማው ፊት አፈሰሱ። የተረፈውን በሩ ላይ ሊደፉ ሲሉ ራንጌል ጮኸ።

«እማዬ! ይሄ እኮ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው! በቃ፣ በቃ!»

አሮጊቷ እንስራቸውን አቅፈው ወደ ቤት ገቡ።

መኪናዋ ሁለት ቁልፍ ነበራት። አንዱን ራሱ ያዘ፤ ሁለተኛውን፣ ለክፉ ቀን ይሆናል ብሎ፣ ለአበልጁ ለጾንዮ ሰጠው። ጾንዮ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ ነው፤ ግን ጎረቤትነቱ ትንሹ ነገር ነው። ራንጌልና ዝላትካ ሲጋቡ ከራሳቸው በላይ አክሊሉን ያቀያየረው እሱ ነው። ልጃቸውን ካሊናን ክርስትና ያነሳትም እሱ ነው። ካሊና ደግሞ ከመስቀል በዓል በኋላ ታገባለች። አክሊሉን ማን ይይዛል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ከጾንዮ ሌላ ማን ሊይዝ? የቀረው ጥሪው ብቻ ነው። ክብ ዳቦ፣ የተጠበሰ ዶሮና ወይን ተይዞ እደጁ ድረስ ይኬዳል። ያልተጠራ አበልጅ አይመጣም። ዳቦው ወደ ሌላ ሰው ደጅ ከሄደ ደግሞ፣ ሁለቱ ቤቶች እስከ ልጅ ልጅ ይቆራረጣሉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ራንጌል ሲወጣ የሾፌሩ መስታወት እስከ ታች ወርዶ አገኘው። በሩም አልተቆለፈም። ማታ ቆልፏት ነበር፤ መብራቷ ብልጭ ስትል በዓይኑ አይቷል። ውስጧን ፈተሸ። የፀሐይ መነጽሩ አለ። ለመንገድ የሚያስቀምጣቸው ሳንቲሞችም አሉ። ያስጨነቀው ይኸው ነው። ሌባ ቢሆን ይሰርቅ ነበር። ሳይሰርቅ የሚገባ ሰው ምን ፈልጎ ነው?

«ረስተኸው ይሆናል» አለች ዝላትካ። ግቢው ውስጥ ቀይ ቃሪያ እየጠበሰች ነበር፤ በዚያ ሰሞን መንደሩ ሁሉ የሚሸተው የተጠበሰ ቃሪያ ነው።

«እኔ? እኔ ነኝ የምረሳው?»

«አይ፣ አንተማ መቼ ትረሳለህ! ባለፈው መነጽርህ ግንባርህ ላይ ተቀምጦ ቤቱን ስታተራምስ የዋለው ሌላ ሰው ነበር።»

በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው ሆነ። በዚህኛው ቀን ግን ወንበሩ ላይ አንድ ነገር አገኘ፤ ትንሽ የበሶብላ ቅጠል። አንስቶ አሸተታት። ከዚያ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ሲያሸት መኪናዋ ራሷ በሶብላ በሶብላ ትላለች።

ጾንዮ ደግሞ በሶብላ በሚያብብበት ወራት ጆሮው ላይ አንድ ቀንበጥ ሳይሰካ ከቤቱ አይወጣም።

ራንጌል ቅጠሏን ለማንም አላሳየም። መሃረቡ ውስጥ ጠቀለላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጾንዮን በሌላ ዓይን ያየው ጀመር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከበስተኋላው ቆሞ ጸሎቱን ትቶ የጆሮውን ቀንበጥ ተመለከተ። ጾንዮ ዞር ብሎ ፈገግ ሲልለት፣ ምን አስደሰተው ብሎ አሰበ። ሲወጡ «መኪናህ እንዴት ናት?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ለምን ስለ መኪናዋ ጠየቀኝ አለ። ሳይጠይቀው ቢቀር ኖሮ ደግሞ ለምን አልጠየቀኝም ማለቱ አይቀርም ነበር።

ሰኞ ራንጌል ከሥራ ሲመለስ መኪናዋን ከጾንዮ ደጅ ላይ አቆመ፤ ግን አልወረደም። ጾንዮ ባልዲ ሙሉ ወይን ይዞ ከግቢው ብቅ አለ።

«አበልጄ! ውረድ እንጂ! ሚኒስትር ሆነሃል እንዴ፣ ከመኪና ሳትወርድ የምታነጋግረኝ?»

«እቸኩላለሁ። ያቺን ቁልፍ ፈልጌያት ነበር።»

«የቷን ቁልፍ?»

«የመኪናዋን ነዋ።»

ጾንዮ ባልዲውን መሬት አስቀመጠ። «ምነው፣ ያንተ ጠፋ?»

«አልጠፋም። ብቻ... ሁለቱም እኔ ዘንድ ቢሆኑ ይሻላል ብዬ ነው።»

«ይሻላል?» ጾንዮ ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ቤት ገብቶ ቁልፏን አመጣ። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ነው ያስቀመጣት። ራንጌል ይህንንም ታዘበ። ንጹሕ ሰው ቁልፍ በጨርቅ ምን ያስጠቀልለዋል?

ጾንዮ መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ። የጆሮው በሶብላ ሸተተ። «ራንጌል፣ ያስከፋሁህ ነገር አለ? ካለ ንገረኝ። እኔ እኮ...»

ራንጌል ጣቱን የመስታወቱ ማብሪያ ላይ ጫነ። አባቱ እጀታ ማዞር ነበረበት፤ ለእሱ አንድ ጣት በቃው። መስታወቱ ድምፅ ሳያሰማ ወጣ። የጾንዮ ከንፈር ከወዲያ ይንቀሳቀስ ነበር።

ሁለተኛዋን ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈባት። የራሱን እንደወትሮው በር አጠገብ በሚሰቅለው ጃኬት ኪስ ተዋት። አሁን ሰላም ሆነ አለ። ቅዳሜ ግን መስታወቱ ወርዷል፤ በሩም ክፍት ነው፤ ወንበሩም ላይ የበሶብላ ፍሬ ተበትኗል።

ራንጌል ወጥ ቤት ገብቶ ጠረጴዛውን በእጁ ደገፍ ብሎ ቆመ።

«ዳቦው ለጾንዮ አይሄድም።»

ዝላትካ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ምን አልክ?»

«ሦስተኛ ቁልፍ አስቀርጿል። የሰጠኝን ሰጥቶ ሌላ አስቀርቷል። እንደዚህ ያለ ሰው ልጄ ራስ ላይ አክሊል አይይዝም። ስታመንን እንጠራዋለን።»

«ስታመን? ያ አብሮህ ሚዛን ላይ የሚሠራው? ደግ ነዋ! ሙሽሮቹን መዝኖ ደረሰኝ ይቆርጥልናል።»

«አትቀልጂ።»

«ማን ቀለደ? ልጅህ የሰማች እንደሆነ ምን እንደምትል ልንገርህ? ያለ ጾንዮ አክሊል አልደፋም ነው የምትለው። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ለመሆኑ መኪናህን ከፍቶ ምን ያደርጋል? ቁጭ ብሎ ያለቅሳል?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

«እንግዲያው አውቀህ ተናገር። መኪናዋን ቬንኮ ዘንድ ውሰዳት። እሱ አይቶ፣ ሰው ነው የከፈታት ካለህ፣ ዳቦውን ለፈለግከው ስጥ። እስከዚያ ድረስ ግን የጾንዮን ስም በዚህ ቤት በክፉ እንዳላነሳህ!»

በሩ ሥር፣ ወይዘሮ ጌንካ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። አልሰሙም፤ ጆሯቸው ደከም ብሏል።

ቬንኮ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ጋራዡ ወደ ወደቡ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። ራንጌል ማንን እንደሚጠረጥር ሳይናገር የሆነውን ሁሉ ነገረው። ቬንኮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠና ጀመረ።

«ጋሽ ራንጌል፣ እጀታውን ስትነካ መኪናዋ ‹ማነህ?› ብላ ትጣራለች። ድምፅ የሌለው ጥሪ ነው፤ በሬዲዮ። ጥሪው ሩቅ አይሄድም፤ ክንድህን ዘርግተህ እስከምትደርስበት ቢሆን ነው። ኪስህ ያለው ቁልፍ ይሰማና ‹እኔ ነኝ› ብሎ በምስጢር ቃል ይመልሳል። ቃሉ ሁልጊዜ ይለዋወጣል፤ የትናንቱን የሰማ ሰው ዛሬ አይከፍትበትም። ቃሉ ልክ ከሆነ በየበሩ ውስጥ ትንንሽ ሞተሮች አሉ፤ መቀርቀሪያውን ሳብ ያደርጉታል። ቀጭ የሚለው እሱ ነው።»

«እጀታውን ማን እንደነካው ታውቃለች?»

«ማንም ይንካው፣ ግድ የላትም። የምታውቀው ቁልፉ አጠገቧ መሆኑን ነው። አንተ ቆመህ ድመት ብትነካው ለድመቷ ትከፍትላታለች።»

ራንጌል ስለ ድመት ሊያወራ አልመጣም። «ሦስተኛ ቁልፍ ቢኖርስ?»

ቬንኮ ከመሪው ሥር ገመድ ሰክቶ ኮምፒውተሩን ተመለከተ። «ይቺ መኪና የምታውቀው ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው። ሦስተኛ የላትም።»

«ታዲያ በምን ይከፍታታል?»

«ሌቦች አንድ ዘዴ አላቸው። አንዱ መኪናዋ ጋ ቆሞ ጥሪዋን ይቀበላል፤ ለጓደኛው ያስተላልፋል። ጓደኛው ደግሞ ግድግዳህ ሥር ቆሞ ቤት ውስጥ ላለው ቁልፍ ያሰማዋል። ቁልፉ መኪናዋ አጠገቡ ያለች እየመሰለው ይመልሳል።»

ግድግዳህ ሥር ሲል የራንጌል ፊት ተለወጠ። «ግድግዳ የሚጋራ ሰውስ ቢሆን?»

«ግድግዳ የሚጋራህ ጾንዮ አይደለም እንዴ?» ቬንኮ ሳቁ አመለጠው። «ጾንዮ! ባለፈው የሬዲዮኑን ሰዓት ማስተካከል አቅቶት እዚህ ድረስ ይዞት የመጣው!»

«አስመስሎ ይሆናላ።»

ቬንኮ ሳቁን አቋረጠ። የራንጌልን ፊት አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁለቱንም ቁልፎች ክዳኑ ጥብቅ ያለ ቆርቆሮ ውስጥ ክተታቸው። ጥሪው ብረት አያልፍም። በሩ ካልተከፈተ፣ የሚከፍተው ሰው በአንተው ቁልፍ ነው የሚጠቀመው ማለት ነው።»

«መስታወቱስ?»

«እሱ ሌላ ሞተር ነው። ከክንድ ማሳረፊያው ላይ ካለው ማብሪያ ትእዛዝ ሲመጣለት ሽቦ ስቦ ያወርደዋል። ኃይል የሚያገኘው ግን በሩ ሲከፈት፣ መኪናዋ ስትነቃ ነው። በፊት በሩን ማን እንደሚከፍተው እንወቅ።»

ዓርብ ማታ ራንጌል ሁለቱን ቁልፎች በብስኩት ቆርቆሮ ከትቶ ቁም ሣጥኑ ላይ አወጣው። ለዝላትካ ብቻ ነገራት። ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ከሳሎኑ መጋረጃ ጀርባ ወንበር አስቀምጦ ተቀመጠ። ዓይኑ ከጾንዮ ግድግዳ አልተነቀለም። በልቡ የሚለውን ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር። በዚህ ዕድሜህ አታፍርም? ልጄን ክርስትና አንሥተህ? ሲለው ጾንዮ የሚደነግጠው፣ የሚንተባተበው፣ ሁሉ ታየው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጌታ ሆይ፣ ሐሰት ይሁን ሊል አሰበና ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

ከግድግዳው በኩል ማንም አልመጣም። በገዛ መኪናው ጎን ግን ሰው ቆሟል።

ጎበጥ ያለ ነው። የራንጌልን ጃኬት፣ ያንኑ በር አጠገብ የሚሰቅለውን፣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። እጀታውን ይስባል፤ ይተዋል፤ እንደገና ይስባል። ራንጌል ወንበሩን ገልብጦ ሮጠ። ጫማም አላደረገ። ደርሶ ትከሻውን ሊይዝ እጁን ሲያነሣ ሰውየው ዞረ።

እናቱ ናቸው። በአንድ እጃቸው ትንሽ የጠበል ጠርሙስ፣ በሌላው የበሶብላ እስር ይዘዋል። ጉንጫቸው ላይ እንባ ወርዷል።

«አልከፈት አለችኝ፣ ልጄ። ምን በድዬ ነው?»

«እማዬ... እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አንተ ሳትነሣ፣ ሁልጊዜ ትከፈትልኝ ነበር እኮ። እጄን ስዘረጋላት ራሷ ቀጭ ትላለች። ስለ ልጄ ጸሎት ይዤ ስለምመጣ ነው፣ ዐውቃኝ ነው እል ነበር። ዛሬ እምቢ አለች። ትናንት ቄሱን በልቤ ስላማሁ ይሆን?»

ራንጌል ጃኬቱን አየ። ባዶውን ኪስ አየ። የቬንኮ ድመት ትዝ አለችው።

«ጃኬቴን ለምን ለበስሽው?»

«ጠዋት ይበርዳላ! በር ላይ የሚቀርበኝ የአንተው ነው።»

«ገብተሽስ ምን ታደርጊ ነበር?»

አሮጊቷ በሶብላውን ጠርሙሱ ውስጥ ነክረው በአየር ላይ አሳዩት። «መሪውን እረጫለሁ። ወንበሩን እረጫለሁ። ደግሞ እጅህን የምታሳርፍበትን፣ እነዚያ በጣት የሚጫኑት ያሉበትን፣ እሱን ደህና አድርጌ አርሰዋለሁ። በየመንገዱ ስንቱ ሰው ያልቃል!»

«ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?»

«‹በቃ፣ በቃ› ብለህ ጮህክብኛ። አንተ ስለጮህክ ለልጄ መጸለዬን ልተው?»

ራንጌል በባዶ እግሩ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። መሳቅ ነበረበት፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ጾንዮ ከባልዲው አጠገብ ቆሞ «እኔ እኮ» ሲል ነበር የታየው።

ረፋድ ላይ ቬንኮ መጥቶ ማብሪያውን ከበሩ ነቀለው። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ጋግሮበታል፤ በዝገቱ መሃል የበሶብላ ፍሬ ተሰግስጎበታል። እርጥበቱ ሽቦዎቹን ያገናኝና በሩ ተከፍቶ መኪናዋ በነቃች ቁጥር መስታወቱን ውረድ ይለዋል።

«ጠበል ለነፍስ ነው፣ እማማ» አለ ቬንኮ ለወይዘሮ ጌንካ ጮክ ብሎ። «ለሽቦ አይስማማውም።»

«እንግዲህ የሽቦዎቹን ነፍስ እኔ በምን ልወቅ!» አሉ አሮጊቷ።

ቬንኮ ሲሄድ ዝላትካ ዱቄት ታቦካ ጀመር። ለጥሪው የሚሆነውን ዳቦ ነው። ሰኞ የበዓለ መስቀል ዋዜማ ነው፤ ሠርጉም ከበዓሉ ቀጥሎ ስለሆነ ከነገ በላይ መቆየት አይቻልም። ራንጌል ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጦ መሃረቡን ፈታ። ቅጠሏ ደርቃ ተሰባብራለች።

«ዳቦውን ካሊና ትውሰደው» አለ ቀስ ብሎ። «ጾንዮ ምንም አላወቀም። በአፌ አንድ ክፉ ቃል አልወጣም።»

ዝላትካ ቀና አላለችም። «መስታወት ዘግተህበታል። ከደጅ ሆኜ አይቼሃለሁ። ሰውየው ባዶ መንገድ ሲያናግር ነበር የቆመው።»

ራንጌል በሩ ሥር ወደተቀመጡት እናቱ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እማዬ፣ አባዬና አጎቴ የተጣሉበት የምን በር ነበር?»

«የወይን ጓዳው። ተከፍቶ አደረና በርሜሉ ፈሶ ተገኘ።»

«አጎቴ ነበር የከፈተው?»

«እንጃ ልጄ። ሊናገር ሲል ነው አባትህ የዘጋበት። ከዚያ በኋላ ማን ጠየቀው?» አሉና መቁጠሪያቸውን አነሡ።

ዝላትካ ሊጡን አገላበጠች። «እና? ማን ነው ዳቦውን የሚወስደው?»

«እኔ።»

«በመኪና?»

«በእግሬ።»

«ከዚያስ? ‹ና ዳርልኝ› ብለህ ትመለሳለህ?»

ራንጌል የቅጠሏን ስብርባሪ በመዳፉ ሰበሰበ። በመጨረሻ ተስማማ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦውን፣ ዶሮውንና ወይኑን ራሱ ተሸክሞ ሊሄድ፤ ሁለተኛዋን ቁልፍ በዚያው በመጣችበት ጨርቅ ጠቅልሎ ሊመልስ፤ ከጥሪው አስቀድሞ ምን እንደጠረጠረው ሊነግረው፤ ጾንዮም ያን ቀን የጀመረውን፣ ከዚያም ወዲህ ያጠራቀመውን ሁሉ ተናግሮ እስኪጨርስ፣ ደጁ ላይ ቆሞ ሊሰማው ተስማማ።